ኖራና ድንጋይ፦ የፋሲል ግምብ እንዴት ቆመ?

ከደባርቅ ተነስቶ በዳባት፣ በገደብዬና በአምባ ጊዮርጊስ አድርጎ ወደ ጎንደር የሚወርድ መንገደኛ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በወገራ ደጋ ላይ የሚያየው ቤት በአብዛኛው የእንጨትና የጭቃ ነው። ጎንደር ሲደርስ ግን የጥቁር ድንጋይ ግምብ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ይልለታል። የአገሬው ሰው «ፋሲል ግምብ» ይለዋል።

አፄ ፋሲል ጎንደርን መቀመጫቸው ያደረጉት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ነገሥታቱ ዘመናቸውን በአብዛኛው በድንኳን አሳልፈዋል፤ የአካባቢው እህልና ማገዶ ሲያልቅ ከተማው በሙሉ ተነቅሎ ይሄድ ነበር። በእርግጥ አባታቸው ሱስንዮስ ደንቀዝ ላይ ግምብ አሠርተዋል። ፋሲል ግን አንድ ቦታ ረግተው ቀሩ፣ ተከታዮቻቸውም በዚያው ግቢ ውስጥ የየራሳቸውን ቤተ መንግሥት ጨመሩ። ዛሬ ግቢውን 900 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አጥር ይከበዋል፤ በሮቹም 12 ናቸው።

ግምቡን ግምብ ያደረገው ከድንጋዩ ይልቅ ኖራው ይመስለኛል፤ ድንጋይማ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? የኖራ ድንጋይ በምድጃ ተቃጥሎ፣ በውኃ ተፈትቶ፣ ከአሸዋ ጋር ሲቦካ ኖራ ይሆናል። ይህን ጥበብ ያስፋፉት በሱስንዮስ ዘመን የመጡት ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንና አብረዋቸው የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው። ፋሲል ሚሲዮናውያኑን ከአገር አባረሩ፣ ኖራውን ግን አስቀሩ! እ.ኤ.አ. በ1648 የመጣው የየመን መልእክተኛ አል-ሐይሚ ቤተ መንግሥቱ በድንጋይና በኖራ መታነጹን፣ ሠሪውም ህንድ መሆኑን ጽፏል።

ከዚያ በኋላ መከራው በዛ። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ የታላቁ ኢያሱን ቤተ መንግሥት አናጋ። አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን ዘረፉ፤ ደርቡሾችም አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠሉ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ግቢውን የአስተዳደርና የጦር ማዘዣው አደረገው፤ ኋላም የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሲደበድቡት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የተረፈው የኢያሱ ቤት እንደገና ተመታ።

ጣሊያኖች ግን እዚያው ተቀምጠው ጥገናም ሠርተዋል፤ በሲሚንቶና በብረት። ዓይን ሲያየው የጠነከረ ይመስላል። ኖራ ግን ይተነፍሳል፤ ግድግዳው የጠጣውን የክረምት ውኃ በበጋ መልሶ ያወጣበታል፣ ሕንፃው ትንሽ ሲንቀሳቀስም አብሮ ይለጠጣል። ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፤ የታፈነው ውኃም ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የጥገና ሥራው ከፊሉ የቀድሞውን ጥገና ማፍረስ ነበር፦ ሲሚንቶውን ፈልፍሎ ኖራውን መመለስ። ፋሲል ግቢም እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

በ2017 ዓ.ም. ሰፊ እድሳት ሲካሄድ የግድግዳው መልክ ነጣ፣ ጥቁረቱን አጣ ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ቅሬታው ይገባኛል፤ ለእኛ ያረጀ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ካልታየን አያረጅም። ነገር ግን እኔ ግምብ ስጎበኝ ከመልኩ ይልቅ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን መስመር ነው የማየው። ሲሚንቶ በማግስቱ ይይዛል፤ ኖራ ግን አየር እየሳበ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ጎንደር ላይ ደግሞ ሰኔ ሳይገባ መጨረስ አለበት፤ ያልደረቀ ኖራ ላይ ክረምቱ ከወረደ ታጥቦ ይሄዳል።