የዋትስአፕ አካውንትዎን ሊያሳጡዎት የሚችሉት 6 አሃዞች

«በስህተት ወደ ስልክህ የተላከ ቁጥር አለ፤ እባክህ ላክልኝ።» እንዲህ ያለው መልዕክት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሚያውቁት ሰው አካውንት ነው፤ አካውንቱ ግን አስቀድሞ ተጠልፏል።

ዋትስአፕ በሌላ ስልክ ላይ ሊከፈት ሲል ለቁጥሩ ባለቤት ባለ 6 አሃዝ የማረጋገጫ ቁጥር ይላካል። አጭበርባሪው ይህን ካገኘ አካውንቱን ይወስድና በእርስዎ ስም ከናይሮቢ እስከ ሪያድ ካሉ ዘመዶችዎ ገንዘብ ይጠይቃል።

ቁጥሩን ለማንም አይስጡ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ካበሩ ደግሞ እርስዎ ብቻ የሚያውቁት ተጨማሪ የሚስጥር ቁጥር ይጠየቃል። አካውንትዎ ከተወሰደ በስልክ ቁጥርዎ እንደገና ይመዝገቡ፤ አዲሱን የማረጋገጫ ቁጥር ሲያስገቡ አጭበርባሪው ይወጣል።

ገንዘብ የተጠየቀ ዘመድም ከመላኩ በፊት በመደበኛ ስልክ ደውሎ ያጣራ። በዋትስአፕ ቢደውል የሚያገኘው አጭበርባሪውን ነው።