የሚያጠወልጉ በሽታዎችን በማይክሮስኮፕ መለየት

አንድ የድንች ተክል ውኃ ቢያጥረው ይጠወልጋል፤ ቆራጭ ትል ግንዱን ቢበላው ይጠወልጋል፤ ባክቴሪያ ወይም ፈንገስ የውኃ መተላለፊያ ቧንቧውን ቢዘጋበትም እንዲሁ ይጠወልጋል፡፡ ከማሳው ዳር ሆኖ ለሚመለከት ሰው ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ መፍትሔአቸው ግን የተለያየ ነው፡፡ የተለመዱት ፀረ-ፈንገስ መድኃኒቶች ግንድ ውስጥ የገባውን ባክቴሪያ ስለማያጠፉ፣ መንስኤው ሳይታወቅ መርጨት የማኅበሩን ገንዘብ ማባከን ነው፡፡ ከዚህም የከፋው በሽታው ያለበትን ድንች ለዘር ማከፋፈል ነው፡፡

ማይክሮስኮፕ ምን ያሳያል?

በምርመራ ክፍል ከታመመው ግንድ ሥር አካባቢ በምላጭ እጅግ ስስ ቁራጭ እንወስዳለን፡፡ ቁራጩን በመስታወት ላይ ባለ የውኃ ጠብታ ውስጥ አኑረን 100 ጊዜ ያህል አጉልተን እንመለከታለን፡፡

1ኛ/ ባክቴሪያ ከሆነ፣ ከተቆረጠው ቧንቧ ጫፍ ጭስ የመሰለ ደመና ወደ ውኃው ሲፈስ ይታያል፡፡
2ኛ/ ፈንገስ ከሆነ፣ ደመናው አይታይም፤ ይልቁንም በቧንቧው ውስጥ ክር መሰል አካሎቹ ይገኛሉ፡፡
3ኛ/ የሥር ኔማቶድ ከሆነ፣ በሥሩ ላይ ያለው እብጠት ሲከፈት ቅል የመሰለች ሴት ትል ትገኛለች፡፡
4ኛ/ ከእነዚህ አንዱም ካልታየ፣ ወደ ማሳው ተመልሶ ውኃውን፣ አፈሩንና ተባዩን መመርመር ያስፈልጋል፡፡

የእንሰት አጠውልግ በሽታም መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አሳውቀዋል፡፡ ይህ በሽታ በቢላዋ ከተክል ወደ ተክል ስለሚተላለፍ መሣሪያን በእሳት መለብለብ ተገቢ ነው፡፡

ሆኖም ደመናው ባክቴሪያ መኖሩን እንጂ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አይነግረንም፡፡ በሞተና በበሰበሰ ተክል ላይ ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ስለሚራቡ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል፡፡ ስለዚህ ተጨማሪ ምርመራ ይደረጋል፡፡

በማሳ ላይ ምን ማድረግ ይቻላል?

ማይክሮስኮፕ በሌለበት ቦታ የጠወለገውን ግንድ ከሥሩ ቆርጦ ንጹሕ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ማንጠልጠል ነው፡፡ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያ መኖሩን ያመለክታል፡፡

ናሙና ሲላክ፡-

ሀ/ መጠውለግ የጀመረ እንጂ የሞተ ተክል አይወሰድ፤
ለ/ ተክሉ ከነሥሩ ይነቀል፤ ለማነጻጸሪያ አንድ ጤነኛም ይጨመር፤
ሐ/ በጋዜጣ ይጠቅለል፤ በላስቲክ ታፍኖ ከቆየ ይበሰብሳል፤
መ/ ቀበሌው፣ የተተከለበት ቀን፣ የዘሩ ምንጭና ከዚያ በፊት በማሳው ላይ የነበረው ሰብል ይጻፍ፡፡

የድንች ባክቴሪያ አጠውልግ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ የታመሙት ተክሎች ከነድንቻቸው ተነቅለው ይወገዱ፤ ከማሳው የሚወጣ ውኃም ወደ ሌላ ማሳ አይለቀቅ፡፡ በማሳው ላይ ለተከታታይ ዓመታት ድንች፣ ቲማቲምና በርበሬ ሳይተከል እንደ ስንዴና ገብስ ያሉ ሰብሎች ይዘሩበት፡፡ ከዚያ ማሳ የወጣ ድንች ላዩ ጤነኛ ቢመስልም በሽታውን በውስጡ ሊይዝ ስለሚችል ለዘር እንዳይሰጥ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አደራ እንላለን፡፡