ሳይሞላ የሞላ ቴፕ

የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ሠራተኞች ናችሁ እንበል። ማታ ማታ የ4 ቴራባይት መዝገብ መጠባበቂያ ቅጂ በማግኔት ቴፕ ላይ ታስቀምጣላችሁ። በካሴቱ ላይ «6.25 ቴራባይት» የሚል ጽሑፍ ስለሚታይ አንድ ቴፕ ይበቃል ብላችሁ ወደ ቤታችሁ ሄዳችኋል። ጠዋት ስትመለሱ ግን 2.5 ቴራባይት ብቻ ተጽፎ፣ ሶፍትዌሩ ሌላ ቴፕ እንድታስገቡ እየጠየቀ ይጠብቃችኋል። በዚያ ሌሊት ዲስኩ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ያልተገለበጠው 1.5 ቴራባይት ጠፍቶ ይቀር ነበር።

መሣሪያውን ከመውቀሳችሁ በፊት ቁጥሩን መርምሩ። ኤልቲኦ የሚባለው ቴፕ እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ ሲቀርብ አንዱ ካሴት 100 ጊጋባይት ይይዝ ነበር፤ የስድስተኛው ትውልድ ካሴት 2.5፣ የዘጠነኛው ደግሞ 18 ቴራባይት ይይዛል። ታዲያ 6.25 ከየት መጣ? ፋብሪካው መሣሪያው መዝገቡን አምቆ ወደ ሁለት ተኩል እጅ ያሳንሰዋል ብሎ ገምቶ ያተመው ቁጥር ነው። እንግዲህ ጥጥና ጤፍን አስቡ። ጥጥን በጆንያ ከትታችሁ ብትረግጡት ይታመቃል፤ ጤፍን ግን የቱንም ያህል ብትረግጡት ያው ጤፍ ነው። ጽሑፍና የሒሳብ ሠንጠረዥ እንደ ጥጥ ናቸው። ፎቶግራፍ፣ ፊልምና ሙዚቃ ግን አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው የታመቁ በመሆናቸው እንደ ጤፍ ናቸው። ሶፍትዌሩ በምስጢር ቁልፍ የቆለፈው መዝገብም እንዲሁ አይታመቅም። ስለዚህ ማመቁ ከመቆለፉ እንዲቀድም ሶፍትዌሩን አስተካክሉ።

ሶፍትዌሩ 2.27 ቢያሳያችሁም አትደንግጡ፤ በ1000 ፈንታ በ1024 እያባዛ ስለሚቆጥር ነው እንጂ ከቴፑ የጎደለ ነገር የለም።

የተጻፈው 1.8 ቴራባይት ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በመጀመሪያ ያለፈው ሳምንት ቅጂ በቴፑ ላይ እንዳለ ተመልከቱ፤ ሶፍትዌሩ አዲሱን ከአሮጌው ቀጥሎ ጽፎት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ካልሆነ የመሣሪያውን ሄድ ጠርጥሩ። መሣሪያው የጻፈውን ወዲያውኑ መልሶ ያነባል፤ ስሕተት ካገኘም ያንኑ ክፍል ወደፊት ዘልቆ እንደገና ይጽፈዋል። ከዚህ የተነሣ ሄዱ ሲቆሽሽ ወይም ቴፑ ሲያረጅ ብዙ የቴፕ ርዝመት በከንቱ ያልቃል። በድሮው የካሴት ማጫወቻ ላይ ይደረግ እንደነበረው ሄዱን በጥጥና በአልኮል እንዳትጠርጉት፤ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ የማጽጃ ካሴት አለ።

ካጸዳችሁ በኋላ ያንኑ መዝገብ በአዲስ ቴፕ ላይ ጻፉ። 2.5 ከደረሰ ጥፋቱ የሄዱ መቆሸሽ ወይም የአሮጌው ቴፕ ነው፤ ካልደረሰ መሣሪያው ጥገና ያስፈልገዋል። አሮጌውን ቴፕ ከመጣላችሁ በፊትም በውስጡ ያለው ቅጂ በሌላ ቴፕ ላይ መኖሩን አረጋግጡ።