«የስሜት ካርታ»፦ ስለ አንድ ስያሜ አተረጓጐም

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ስያሜ ከሁለት የታወቁ ቃላት የተሠራ ነው፤ «የስሜት ካርታ» የሚለው። ሁለቱም ቃላት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ስላልሆኑ ተርጓሚ ያለ ብዙ ማመንታት ይጠቀምበታል። እኛም መጀመሪያ ላይ ምንም እንከን አላየንበትም ነበር። ስያሜው የሚያመለክተውን ሥራ በቅርብ ከተመለከትን በኋላ ግን በሁለቱም ቃላት ላይ ጥያቄ ለማንሣት ተገደናል። ጥያቄውም የቃል ምርጫ ብቻ አይደለም፤ በሥራው እንዲሳተፍ ለሚጋበዘው ሰው የሚነገረው ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን የሚነካ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ክርስቲያን ኖልድ የተባለ የኪነ ጥበብ ባለሙያ በ2004 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) «ባዮ ማፒንግ» ብሎ የሰየመውን ሥራ ጀመረ። ተሳታፊዎች ሁለት ነገር የተጣመረበት አነስተኛ መሣሪያ ይሰጣቸዋል። አንደኛው በጣቶች ላይ የሚታሰርና ቆዳ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ከፍና ዝቅ ሲል የሚመዘግብ ነው፤ ሁለተኛው ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ሰውየው የቆመበትን ቦታ የሚያመለክት፣ ጂፒኤስ የሚባለው ነው። ተሳታፊዎቹ ሠፈራቸውን ዞረው ሲመለሱ የሄዱበት መንገድ በካርታ ላይ ይሠመራል፤ የቆዳው ለውጥ ከፍ ባለበት ቦታ መስመሩም ከፍ ይላል። ከዚያም እያንዳንዱ ሰው የራሱን መስመር ተመልክቶ በየከፍታው ላይ ምን እንደ ገጠመው በራሱ ቃል ይጽፋል። በዚህ ዓይነት በለንደን የግሪኒች ካርታ በ2005 እና በ2006፣ በሳን ፍራንሲስኮ የሚሽን ሠፈር ካርታና በእንግሊዝ አገር የስቶክፖርት ካርታ በ2007 ተዘጋጅተዋል።

ሐሳቡ ያለ ቀዳሚ የመጣ አይደለም። ጊ ደቦር በ1955 ቦታ በሰው ስሜትና ጠባይ ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ የሚያጠና ዘርፍ እንዲኖር ጽፎ ነበር፤ በ1957ም የፓሪስን ካርታ ቈራርጦ ቁርጥራጮቹን በቀይ ቀስቶች አያይዞ አውጥቷል። ኬቪን ሊንች በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ የቦስተን፣ የጀርሲ ሲቲና የሎስ አንጀለስ ነዋሪዎች ከተማቸውን ከትዝታ እንዲሥሉ ማድረጉን ገልጿል። የመጀመሪያው ስሜትን ቢፈልግም ሕዝብን አላሳተፈም፤ ሁለተኛው ነዋሪዎችን ቢያሳትፍም የፈለገው በአእምሯቸው ያለውን የከተማ ምስል ነበር።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። «ስሜት» የወጣው «ሰማ» ከሚለው ግሥ ነው። ብርድ ይሰማናል፤ ሕመም ይሰማናል፤ ኀዘንም ይሰማናል። «የስሜት ሕዋሳት» ስንል ዓይንን፣ ጆሮን፣ ቆዳን ማለታችን ነው፤ «ስሜቱን ጐዳሁት» ስንል ግን ቆዳውን አላሰብንም። እንግዲህ አማርኛው አካል የሚቀበለውንና ልብ የሚያውቀውን በአንድ ቃል ይዟል። ለዕለት ንግግር ይህ ጸጋ ነው። እዚህ ግን ያሳስታል፤ ምክንያቱም መሣሪያው የሚለካው ከሁለቱ አንዱንም አይደለም። የሚለካው ላብ ነው። ሰው ሲደነግጥ፣ ሲደሰት፣ ሲናደድ ወይም ደረጃ ሲወጣ የላብ ዕጢዎች ይሠራሉ፤ ቆዳም ኤሌክትሪክን ይበልጥ ያስተላልፋል። ከፍታው ደስታ ይሁን ፍርሃት ከመስመሩ አይታወቅም። ከዚህም በላይ ቆዳ የሚመልሰው ከአንድ እስከ ሦስት ሴኮንድ ያህል ዘግይቶ ስለ ሆነ፣ የሚራመድ ሰው እስከዚያ ጥቂት ሜትሮች ርቋል።

ይህ ዘዴ ለቋንቋ ሰዎች ፈጽሞ ባዕድ አለመሆኑን በዚህ አጋጣሚ እናስታውሳለን። ፍሬድሪክ ፒተርሰንና ካርል ዩንግ በ1907 ባሳተሙት ጥናት ለሰው ቃላት እየተነገሩት የቆዳው ለውጥ ይመዘገብ ነበር። አንዳንዱ ቃል ሲጠራ መርፌው ይነሣል፤ ለምን እንደ ተነሣ ግን መርፌው አይናገርም። ያው መለኪያ በኋላ «ውሸት አጋላጭ» በሚባለው መሣሪያ ውስጥ ገብቷል። በዚያ አካል የሚመሰክረው በባለቤቱ ላይ ነው፤ በኖልድ ሥራ ግን ባለቤቱ ስለ አካሉ ይመሰክራል። ኖልድ ራሱ የተለያዩ ጸሐፊዎችን ድርሰቶች ሰብስቦ በ2009 ባወጣው መጽሐፍ ይህንኑ ልዩነት አንሥቷል።

ስለዚህ ለተሳታፊ በሚሰጥ ወረቀት ላይ «መሣሪያው ስሜትዎን ይለካል» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው እንላለን። ይህን ያነበበ ሰው ማሽኑ ልቡን እንደሚያነብ አምኖ ወይ ይሸሻል፣ ወይ ከራሱ ይልቅ መስመሩን ያምናል። «መሣሪያው የጣትዎን ላብ ለውጥ ይመዘግባል፤ የተሰማዎትን የሚናገሩት እርስዎ ነዎት» ቢባል ረዘም ይላል እንጂ አያታልልም።

በካርታው ላይ የሚሰፍረው የሰዎቹ ቃል ሲተረጐምም ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ አንድ የስሜት ስም ብቻውን በቦታ ላይ ቢጻፍ ያስኬዳል። በአማርኛ ግን «ፍርሃት» ብሎ ነጥብ ላይ መጻፍ የመንገድ ስም ያስመስለዋል። አማርኛ ስሜትን የሚናገረው በግሥ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሰውየውን ተሳቢ አድርጎ ነው፤ ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ደስ አለኝ፣ ሆድ ባሰኝ። «ሠፈሩ ቀፈፈኝ» ሲል ባለቤቱ ሠፈሩ ነው፤ ሰውየው ነገሩ የደረሰበት ነው። «ቤቱን ቀልቤ አልወደደውም» ሲል ደግሞ ፈራጁ ቀልቡ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ከእነዚህ መካከል መምረጥ የተርጓሚው ሥልጣን አይደለም። «እዚህ ጋ ፈራሁ» የሚለው ስለ ራስ የተሰጠ ምስክርነት ነው፤ «ቦታው ያስፈራል» የሚለው ግን በቦታው ላይ፣ ስለዚህም በዚያ በሚኖሩት ሰዎች ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው። ታትሞ በሚታደል ካርታ ላይ አንዱን በሌላው መለወጥ የአንድን መንደር ስም እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ተሳታፊው «ፈራሁ» ካለ «ፈራሁ» ተብሎ ይተርጐም።

«ስሜታዊ ካርታ» የሚለውን አንቀበለውም። «ስሜታዊ» በአማርኛ ቶሎ የሚቈጣን፣ ነገርን የማያመዛዝንን ሰው መንቀፊያ ሆኗል፤ ካርታውም የሚቈጣ ይመስላል።

«ካርታ» የሚለው ቃል ችግር ከዚህ የቀለለ ቢሆንም ችላ የሚባል አይደለም። ለተማሪ ካርታ የዓለም ሥዕል ነው፤ ለተጫዋች ባለ 52 ቅጠል ነው፤ ለከተማ ነዋሪ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የቤቱ የይዞታ ማረጋገጫ ነው። «ካርታ አለው?» ተብሎ ስለ ቤት ሲጠየቅ ማንም ስለ ጂኦግራፊ አያስብም። በአንድ ቀበሌ ግድግዳ ላይ «የሠፈራችሁን ካርታ አብረን እንሥራ» የሚል ማስታወቂያ ቢለጠፍ የሚመጣው ሕዝብ ብዙ፣ የሚመጣበትም ጉዳይ ሌላ ይሆናል። ቃሉን የሚተካ ሌላ ስለሌለ እንዲቀር አንጠይቅም፤ በማስታወቂያ ላይ ግን ለመሬትም ሆነ ለቤት ይዞታ የማይመለከት መሆኑ ይገለጥ።

«ሕዝባዊ ኪነ ጥበብ» ከሚለው ይልቅ «የአደባባይ ኪነ ጥበብ» የሚለውን መርጠናል፤ «ሕዝባዊ» የተነሣበትን ወገን ያመለክታል፣ «አደባባይ» ግን የሚሠራበትንና የሚታይበትን ቦታ። «አሳታፊ» የሚለው በቂ ነው።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ፍቾች አቅርበናል።

የመነቃቃት መስመር፦ በእግር ጉዞ ላይ ያለ ሰው የቆዳው የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ለውጥ በሄደበት መንገድ ላይ ተሠምሮ የሚታይበት፤ የስሜቱን ዓይነት አያመለክትም።

የስሜት ካርታ፦ የአንድ አካባቢ ሰዎች በየቦታው የተሰማቸውን በራሳቸው ቃል ያሰፈሩበት ካርታ፤ የመነቃቃት መስመር ሊኖረውም ላይኖረውም ይችላል።

ደቦር ስለ ጠራው ዘርፍ ስያሜ ገና አልተስማማንም። «መልክዐ ልብ» የሚለው ከ«መልክዐ ምድር» ጋር ስለሚስማማ ከመካከላችን ደጋፊዎች አግኝቶ ነበር፤ ነገር ግን ግእዝ የሚያውቅ አንባቢ የቅዱሳንን አካል ከራስ እስከ እግር እየጠራ የሚያወድሰውን የመልክእ ድርሰት ያስባል። «ሥነ ልቦናዊ ጂኦግራፊ» ደግሞ ትክክል ቢሆንም አፍ ላይ ይከብዳል። የተሻለ ያላችሁ አንባብያን እንድትልኩልን እንጠይቃለን።