የባላንጣ ስንብት፦ የቡፋሎ ደጋፊዎችና ቶም ብሬዲ

በአሜሪካ ፉትቦል አንድ ታላቅ የባላንጣ ቡድን ኳርተርባክ ጫማውን ሲሰቅል በተቃራኒው ወገን ደጋፊዎች ዘንድ የሚታየው ስሜት ተራ ደስታ አይደለም። ግልግል አለበት፤ ቁጭት አለበት፤ ሳይወዱ በግድ የሚሰጡት ክብርም አለበት። ሦስቱ በአንድ ሰው ልብ በአንድ ቀን ይገናኛሉ። ይህን ስሜት ከነሙሉ መልኩ ለማየት በኤሪ ሐይቅ ዳር ከተቆረቆረችው ቡፋሎ የተሻለ ከተማ፣ ከቶም ብሬዲም የተሻለ ተሰናባች አይገኝም። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኳርተርባክ የአጥቂውን ክፍል የሚመራ፣ ጨዋታውን የሚያስጀምርና ኳሱን የሚወረውር ተጫዋች ነው። ሊጉ 32 ቡድኖች አሉት፤ አራት አራት ሆነው በስምንት ምድብ ተከፍለዋል። የአንድ ምድብ ቡድኖች በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በሜዳቸው አንዴ ከሜዳቸው ውጪ ይገናኛሉ። ቡፋሎ ቢልስ፣ ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ፣ ማያሚ ዶልፊንስና ኒውዮርክ ጄትስ የአንድ ምድብ ቡድኖች ናቸው። በዚህ ሊግ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን መውረድ የሚባል ነገር ስለሌለ አስቸጋሪ ጎረቤት ደረጃ ወርዶ አይገላገሉትም። መገላገያው ሁለት ብቻ ነው፦ ወይ ወደ ሌላ ቡድን ይሄዳል፣ ወይ ጨዋታ ያቆማል።

ብሬዲ ወደዚህ ምድብ ሲመጣ ማንም ልብ አላለውም። በ2000 በተደረገው የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ኒው ኢንግላንድ ስሙን የጠራው በ199ኛነት ነው። መስከረም 23 ቀን 2001 የጄትሱ ተከላካይ ሞ ሉዊስ የኒው ኢንግላንዱን ዋና ኳርተርባክ ድሩ ብሌድሶን ክፉኛ መትቶ ከሜዳ አስወጣው። ተተኪው ልጅ ብሬዲ ገባ፤ በዚያው የውድድር ዘመን የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ ሱፐር ቦውልን በላ። ብሌድሶ ቦታው ስለተያዘበት በሚያዝያ 2002 ለቡፋሎ ተላለፈ። የቡፋሎ ደጋፊዎች ታዋቂ ኳርተርባክ አገኘን ብለው ፈነደቁ። ኒው ኢንግላንድ በገዛ ምድቡ ላለ ተፎካካሪ ኳርተርባኩን ሲሰጥ ስለሌላኛው ምን ያህል እርግጠኛ እንደነበር ያስተዋለ ጥቂት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጥሩ ይናገራል። ብሬዲ በቡፋሎ ላይ በቋሚነት በተሰለፈባቸው 36 ጨዋታዎች 33 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸነፈ። በኒው ኢንግላንድ ከ2001 እስከ 2019 በቆየባቸው 19 የውድድር ዘመናት ቡድኑ ምድቡን 17 ጊዜ መርቶ ጨረሰ። ካሸነፋቸው 7 ሱፐር ቦውሎች 6ቱ የተገኙት እዚያ ነው። ቡፋሎ ግን ከ1990 እስከ 1993 ባሉት የውድድር ዘመናት ተከታትሎ አራት ሱፐር ቦውል ደርሶ አራቱንም የተሸነፈ፣ አንድም የሱፐር ቦውል ዋንጫ የሌለው ቡድን ነው።

የብሬዲ ሦስት ሽንፈቶች በቡፋሎ እንደ በዓል ይነገራሉ። የመጀመሪያው መስከረም 7 ቀን 2003 የተገኘው 31 ለ 0 ነው። ኒው ኢንግላንድ ከቀናት በፊት ያሰናበተው ተከላካይ ሎየር ሚሎይ ለቡፋሎ ተሰልፎ የቀድሞ ጓደኛውን ያሳድድ ነበር። ብሬዲ አራት ኳስ ተጠለፈበት፤ ከጠላፊዎቹ አንዱ ግዙፉ የመስመር ተከላካይ ሳም አዳምስ ነበር፤ ያንን ሁሉ ሰውነት ይዞ እየሮጠ ታችዳውን (ኳሱን ወደ ተጋጣሚ የመጨረሻ ክልል በማድረስ የሚገኝ ነጥብ) አስቆጠረ። ታሪኩን እዚህ ላይ የሚያቆሙ ተራኪዎች ግማሹን ነው የሚያወሩት። በዚያው ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ ኒው ኢንግላንድ ቡፋሎን በዚያው ውጤት፣ 31 ለ 0 አሸንፎ ሱፐር ቦውሉንም ወሰደ።

ሁለተኛው መስከረም 25 ቀን 2011 የተገኘው 34 ለ 31 ነው። ቡፋሎ 21 ለ 0 ተመርቶ፣ እንደገና አራት ኳስ ከብሬዲ ጠልፎ አሸነፈ፤ በኒው ኢንግላንድ ላይ ተከታታይ 15 ሽንፈትም ቆመ። ዓመቱ ሲያልቅ በተደረገው የመልስ ጨዋታ ደግሞ ቡፋሎ 21 ለ 0 መራ፤ ብሬዲና ጓደኞቹ ተከታታይ 49 ነጥብ አስቆጥረው 49 ለ 21 አሸነፉ። ሦስተኛው ታኅሣሥ 28 ቀን 2014 የተመዘገበው 17 ለ 9 ሲሆን፣ ኒው ኢንግላንድ የምድብ ሥራውን ጨርሶ ስለነበር ብሬዲ የተጫወተው እስከ እረፍት ብቻ ነው። አንዳንድ ደጋፊዎች በ2016 በኒው ኢንግላንድ ሜዳ የተገኘውን 16 ለ 0 አራተኛ አድርገው ይቆጥሩታል፤ ልክ አይደለም። ብሬዲ በዚያ ቀን ኳሶች አየር ተቀንሶባቸዋል በሚል ጉዳይ የተጣለበትን የአራት ጨዋታ ቅጣት እየፈጸመ ነበር። ቅጣቱን ጨርሶ በዚያው ወር ቡፋሎ ሲመጣ ውጤቱ 41 ለ 25 ሆነ።

በዚህ ታሪክ ላይ ተጣብቆ የማይላቀቅ አንድ ስህተት አለ፤ ሰፊ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ቡፋሎ ከ2000 እስከ 2016 ድረስ 17 የውድድር ዘመን ሙሉ ወደ ጥሎ ማለፍ ሳያልፍ ቆይቷል፤ የዚህ ሁሉ ጦስ ብሬዲ ነው ይባላል። ደጋፊው ይለዋል፤ ተንታኙ ይደግመዋል፤ ስንብቱ በተሰማ ቀን ከእያንዳንዱ አፍ የወጣው ይኸው ነው። ሒሳቡ ግን አይደግፈውም። በዘመኑ አንድ ቡድን በዓመት 16 ጨዋታ ያደርግ ነበር፤ ብሬዲ የነበረባቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። የቀሩትን 14 ማን ከለከላቸው?

2004ን መመልከት ይበቃል። ቡፋሎ የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎች ተሸንፎ ነው ዓመቱን የጀመረው፤ በኋላ ግን ተነሥቶ ስድስት በተከታታይ አሸነፈና 9 ድልና 6 ሽንፈት ይዞ የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ተጋጣሚው ፒትስበርግ ቦታውን አስተማምኖ ዋና ዋና ተጫዋቾቹን ያሳረፈ ነበር። ጨዋታው በቡፋሎ ሜዳ፣ በገዛ ደጋፊው ፊት ተካሄደ፤ ቡፋሎ በተጠባባቂዎች 29 ለ 24 ተሸነፈ። ብሬዲ በዚያ ሜዳ አልነበረም። በ2014ም እንዲሁ ነው። ቡፋሎ በዚያ ዓመት ከውድድሩ የወጣው እስከዚያ ቀን 2 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ 12 በተሸነፈው በኦክላንድ ሬይደርስ 26 ለ 24 ተረትቶ ነው። በሳምንቱ ኒው ኢንግላንድን አሸነፈ። ብሬዲን ድል ያደረጉበት ዓመት በኦክላንድ የተሰናበቱበት ዓመት ሆነ።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ 2017 ነው። በዚያ የውድድር ዘመን ብሬዲ ቡፋሎን ሁለቴ አሸንፏል፤ ቡፋሎ ግን በዚያው ዓመት 17 ዓመት የተዘጋውን በር ከፍቶ አለፈ። ሁለቱን ጨዋታ እየተሸነፉም ማለፍ ይቻል ነበር ማለት ነው። እውነተኛው ምክንያት ቤት ውስጥ ነበር። ጂም ኬሊ ከ1996 የውድድር ዘመን በኋላ ካቆመ ጀምሮ ጆሽ አለን በ2018 እስኪመረጥ ድረስ ቡድኑ የሚያስተማምን ኳርተርባክ አላገኘም። ከ2001 እስከ 2016 ጊዜያዊዎቹን ሳይጨምር ስድስት ዋና አሰልጣኞች ተፈራርቀውበታል፤ በኒው ኢንግላንድ በኩል በዚያ ሁሉ ዘመን የቆመው ቢል ቤሊቺክ ብቻ ነበር። ብሬዲ የምድቡን መሪነት ነሥቷቸዋል ቢባል ያስኬዳል። ጥሎ ማለፉን የነሡት ግን ራሳቸው ናቸው። ደጋፊ ይህን ማመን የሚከብደው ስለማያውቅ አይደለም፤ የራስን ቡድን ከመውቀስ አንድ ሰው መጥላት ስለሚቀል ነው።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሚነገረው ብሬዲ እከሌ የተባለውን ኳርተርባክ አሸነፈ የሚለው አነጋገርም ሊታረም ይገባዋል። ሁለት ኳርተርባኮች በሜዳ ላይ ፈጽሞ አይገናኙም፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ወንበር ላይ ነው። ብሬዲን የሚገጥሙት የቡፋሎ ተከላካዮችና ደጋፊው ነበሩ። ደጋፊው ተጋጣሚ ነበር ማለት ማጋነን አይደለም፦ እንግዳው ቡድን ኳሱን ሲይዝ በኦርቻርድ ፓርክ ባለው የቡፋሎ ስታዲየም የሚነሣው ጩኸት የኳርተርባኩ ትእዛዝ ለጓደኞቹ እንዳይሰማ ለማድረግ ታስቦ ነው።  

የብሬዲ ስንብት በአንድ ቀን አላለቀም፤ በሦስት ጊዜ የተከፈለ ነው። አንደኛው በመጋቢት 2020 ኒው ኢንግላንድን ለቅቆ ወደ ታምፓ ቤይ ባካኒርስ የሄደበት ነው። ለቡፋሎ ዋናው ግልግል ይህ ነበር። በዚያው ዓመት ቡፋሎ ከ1995 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምድቡን መርቶ ጨረሰ፤ ኒው ኢንግላንድንም በገዛ ሜዳው 38 ለ 9 ቀጣ። ሆኖም በታኅሣሥ 2021 ሁለቱ በታምፓ ሲገናኙ ቡፋሎ 24 ለ 3 ከመመራት ተነሥቶ 27 ለ 27 አደረሰና በጭማሪ ሰዓት 33 ለ 27 ተሸነፈ። የማሸነፊያው ኳስ ጥሎ ማለፉ ሲደመር ለብሬዲ 700ኛው የታችዳውን ውርወራ ሆነ። ለ700ኛው ውርወራው እንኳ ቡፋሎን መረጠ።

ሁለተኛው ስንብት የካቲት 1 ቀን 2022 ተነገረ፤ 40 ቀን ብቻ ቆየ። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ የኳስ ተመልካች ሳያውቀው ምስክር ሆኗል። ታምፓ ቤይና ማንቸስተር ዩናይትድ ያኔ በግሌዘር ቤተሰብ ቁጥጥር ሥር ነበሩ። መጋቢት 12 ክሪስቲያኖ ሮናልዶ በኦልድ ትራፎርድ ቶተንሃም ላይ ሦስት ጎል አግብቶ ዩናይትድ 3 ለ 2 ሲያሸንፍ ብሬዲ እንግዳ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ከጨዋታው በኋላ ሮናልዶ ሜዳው ላይ ጨርሰህ የለም ወይ ብሎ ሲጠይቀው ብሬዲ ፊቱን አጨማድዶ አለፈው። በማግስቱ ወደ ሜዳ እመለሳለሁ አለ። ለ40 ቀን ሲደሰቱ የከረሙ የባላንጣ ደጋፊዎች አፈሩ። ሦስተኛውና የመጨረሻው ስንብት በትክክል በዓመቱ፣ የካቲት 1 ቀን 2023 ከባሕር ዳርቻ በተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ሲመጣ ብዙዎች ቶሎ ያልጨፈሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በእንዲህ ያለ ቀን ደጋፊዎች በሦስት ወገን ይከፈላሉ። የሚጨፍሩት ብዙ ድምፅ ያላቸው ናቸው። ሁለተኞቹ ለታላቅነቱ ባርኔጣቸውን ያነሣሉ፤ የቡፋሎ ሰው በጨዋታ ቀን ድግስ ላይ ጠረጴዛ ከመስበር ሌላ ሥራ የሌለው አድርጎ የሚስለው ወሬ እነዚህን አያውቃቸውም። በ2017 መጨረሻ የሲንሲናቲው ኳርተርባክ አንዲ ዳልተን ባልቲሞርን አሸንፎ ለቡፋሎ በር ሲከፍት ለእሱ የበጎ አድራጎት ድርጅት ብዙዎች 17 ዶላር እየላኩ ከ300 ሺህ ዶላር በላይ አዋጥተዋል፤ ቁጥሩ ለ17ቱ ዓመታት መታሰቢያ ነው። የባልቲሞሩ ኳርተርባክ ላማር ጃክሰን በጥር 2021 ቡፋሎ ላይ ተጎድቶ ሲወጣም እሱ ለሚረዳው ድርጅት ገንዘብ ልከዋል። ሦስተኞቹ የሚቆጩት ናቸው፦ ቡድናቸው በመጨረሻ በርትቶ ሳለ ብሬዲ ደህና ተደርጎ ሳይረታ አመለጣቸው።

ቁጭቱ የቡፋሎ ብቻ አይደለም። በክሊቭላንድ ብራውንስ ደጋፊዎች ዘንድ የፒትስበርጉ ኳርተርባክ ቤን ሮትሊስበርገር በጥር 2022 ሲሰናበት ስሜቱ የባሰ መራራ ነበር። የኦሃዮ ልጅ ነው፤ ክሊቭላንድ በ2004 ምርጫ በ6ኛነት ሌላ ተጫዋች ወስዶ አልፎት፣ 11ኛ ላይ ፒትስበርግ አነሣው። በሜዳው ያደረገውን የመጨረሻ ጨዋታም ያሸነፈው ክሊቭላንድን ነው።

የባላንጣ መሄድ የባላንጣነትን ወንበር ባዶ አያስቀረውም። የቡፋሎ ደጋፊዎች ዛሬ የሚያስቡት የካንሳስ ሲቲ ቺፍሱን ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስን ነው። ምድባቸው ሌላ በመሆኑ በዓመት ሁለቴ አይገናኙም፤ ነገር ግን በጥር 2021፣ 2022፣ 2024 እና 2025 በጥሎ ማለፍ ተገናኝተው አራቱንም ካንሳስ ሲቲ አሸንፏል። በ2022ቱ ጨዋታ ቡፋሎ 13 ሰከንድ ሲቀር እየመራ ነበር። ብሬዲ በጥሎ ማለፍ ቡፋሎን ገጥሞ አያውቅም፤ ከዚያ መድረክ ደጋግሞ ያስወጣቸው ሰው ማሆምስ ነው። የዚህኛው ስንብት ሲመጣ ቡፋሎ የሚያቀርበው ክስ ከብሬዲው ይልቅ በማስረጃ የተደገፈ ይሆናል።