በተዳፋት ቦታ ፍላጻ ዒላማውን እንዳይስት

በሜዳ ላይ ተለማምዶ ዒላማውን የማይስት ቀስተኛ፥ ወደ ተራራ ወጥቶ ሲያድን ፍላጻው ከአውሬው ጀርባ በላይ እያለፈ ሲሄድበት እጅግ ይገረማል። እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ ዐይኑም አልፈዘዘም፤ ርቀቱንም በትክክል ለክቷል። ታዲያ ስሕተቱ ከወዴት መጣ? የዚህን ጥያቄ መልስ ማወቅ የሚጠቅመው አዳኙን ብቻ አይደለም። በቀስት አደን መምታትና መሳት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ዳሩ ግን ከሁለቱ የከፋ ሦስተኛ ነገር አለ፤ ይኸውም አቁስሎ መልቀቅ ነው። የቆሰለ እንስሳ ገደል ለገደል ተሰውሮ በሥቃይ ሲሞት፥ ሥጋው ለማንም አይጠቅምም፤ አዳኙም በኅሊናው ይወቀሳል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን በተዳፋት ቦታ ቀስት ስለ መወርወር ጥቂት ልንገልጽ ወደድን።

ይህ ጉዳይ በይበልጥ የሚታወቀው በሰሜን አሜሪካ በሮኪ ተራሮች ሲሆን፥ በዚያ አገር ኤልክ የተባለውን ታላቅ አጋዘንና ሌሎችንም እንስሳት በቀስት ማደን ወራቱ ተወስኖ በሕግ የተፈቀደ ነው። የዛሬዎቹ አዳኞች ከጥንት ነዋሪዎች የተማሩት ብዙ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. ያሂ ከተባለው ነገድ የመጨረሻው ሰው ኢሺ በካሊፎርኒያ ኦሮቪል ከተማ አጠገብ ተገኘ። ሳክስተን ፖፕ የተባለው ሐኪም ከእርሱ ጋር ወዳጅነት መሥርቶ የቀስትን ሥራና አደን ተማረ፤ ኢሺ በ1916 ዓ.ም. ከሞተ በኋላም በ1923 ዓ.ም. ስለ ቀስት አደን መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያም በኋላ ሆለስ አለን የተባለ አሜሪካዊ በ1969 ዓ.ም. መዘውር ላለው አዲስ ቀስት የፈጠራ መብት ተሰጠው። ይህ ቀስት ፍላጻውን እጅግ ያፈጥነዋል፤ ነገር ግን የመሬትን ስበት ሊሽር አልቻለም።

እነሆ፥ የነገሩ ምሥጢር በዚሁ ስበት ላይ ነው። በሴኮንድ 80 ሜትር የሚበርር ፍላጻ 40 ሜትር ለመድረስ ግማሽ ሴኮንድ ይፈጅበታል። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ መሬት ስባው 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ቀስተኛውም ይህን ስለሚያውቅ በዚያው ልክ ቀስቱን ቀና አድርጎ ይወረውራል። በሜዳ ላይ የስበቱ ኀይል በሙሉ የሚውለው ፍላጻውን ከመስመሩ ዝቅ ለማድረግ ነው። በተዳፋት ላይ ግን ይኸው ኀይል ይከፈላል፤ ከፊሉ ፍላጻውን ዝቅ ሲያደርግ፥ ከፊሉ ሽቅብ ሲወረወር ወደ ኋላ ይጎትተዋል፥ ቁልቁል ሲወረወር ደግሞ ወደ ፊት ይገፋዋል። ስለዚህ ፍላጻው ከመስመሩ የሚወርደው በሜዳ ከሚወርደው ያነሰ ይሆናል። ብዙ ሰዎች ሽቅብ ሲወረወር ፍላጻው ዝቅ፥ ቁልቁል ሲወረወር ደግሞ ከፍ ብሎ የሚመታ ይመስላቸዋል፤ እውነቱ ግን በሁለቱም በኩል ከፍ ብሎ መምታቱ ነው።

ይህን በምሳሌ ለመረዳት ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላልን እናስብ። የመሰላሉ ቁመት በዐይን የምንለካው ርቀት ነው፤ ከመሰላሉ እግር እስከ ግድግዳው ሥር ያለው አጭሩ ርቀት ደግሞ ቀስተኛው ሊያስብበት የሚገባው ርቀት ነው። ተዳፋቱ 15 ዲግሪ ሲሆን ከ100 ሜትር 97ቱን፥ 20 ዲግሪ ሲሆን 94ቱን፥ 30 ዲግሪ ሲሆን 87ቱን፥ 45 ዲግሪ ሲሆን 71ዱን ብቻ ማሰብ ይገባል። እንግዲህ አውሬው በ30 ዲግሪ ተዳፋት 40 ሜትር ርቆ ቢቆም፥ ቀስተኛው የሚያነጣጥረው 35 ሜትር ላይ እንደ ቆመ አድርጎ ነው። ይህን ሳያደርግ ቢቀር፥ ከላይ የጠቀስነው ፍላጻ 16 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይመታል፤ በ45 ዲግሪ ደግሞ 36 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። የመካከለኛ አጋዘን የልቡና የሳንባው ስፍራ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክብ ነው። እንግዲህ 16 ሳንቲ ሜትር ምን ያህል ብርቱ ስሕተት እንደ ሆነ አንባቢያችን በራሱ ሊፈርድ ይችላል። ይህ ሕግ ለጥይትም፥ እህል ጠባቂ ከማማው ላይ ሆኖ በወንጭፍ ለሚወረውረው ድንጋይም አንድ ነው።

ዛሬ ርቀትንና ተዳፋትን በአንድነት ለክተው የሚያስፈልገውን ቁጥር የሚናገሩ የሌዘር መሣሪያዎች አሉ። መሣሪያው የሌለው ሰው ግን የተማሪ ፕሮትራክተር ይበቃዋል። ቀጥ ያለውን ጠርዝ ወደ ላይ አድርጎ ከመካከሉ ክርና ትንሽ ድንጋይ እንደ ቱንቢ ያንጠልጥል፤ በጠርዙም ላይ ዒላማውን ይመልከት። ሜዳ ከሆነ ክሩ በ90 ላይ ያርፋል፤ ከ90 የራቀበት መጠን የተዳፋቱ ዲግሪ ነው።

ሒሳቡ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሰውነት አቋምም ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል። ብዙዎች ቁልቁል ሲወረውሩ ቀስት የያዘውን ክንድ ብቻ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ያን ጊዜ የአውታሩ አሳሳብ ያጥራል፥ እጁም በጉንጭ ላይ ከለመደው ስፍራ ይለቃል። መልካሙ ዘዴ በመጀመሪያ በሜዳ እንደሚደረገው ቀስቱን ቀጥ አድርጎ ገትሮ፥ ከዚያ በኋላ ከወገብ ጎንበስ ወይም ቀና ማለት ነው። ትከሻና ክንድ እንደ መስቀል ሆነው እንደ ተዘረጉ ይኖራሉ። እግርም ቢሆን በሚንሸራተት ጠጠር ላይ ሳይሆን በጽኑ መሬት ላይ መቆም አለበት።

ከዚህም በላይ፥ ተዳፋቱን በጎን ቆርጦ የሚወረውር ሰው ዐይኑ ስለሚታለል ቀስቱን ሳያውቀው ያጋድላል። የቀስቱ ራስ ወዳጋደለበት ወገን ፍላጻውም ያዘነብላል። ስለዚህ ዐዋቂዎች በማነጣጠሪያቸው ላይ እንደ ግንበኛ ትንሽ ውሃ ልክ ያደርጋሉ፤ ከመልቀቃቸውም በፊት ይመለከቱታል።

የፍላጻውም መንገድ በእንስሳው አካል ውስጥ መታሰብ አለበት። ከላይ የተወረወረ ፍላጻ ከፍ ብሎ ገብቶ ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ ከታች የተወረወረው ደግሞ ዝቅ ብሎ ገብቶ ከፍ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ማነጣጠር የሚገባው በቆዳው ላይ የሚታየውን ነጥብ ብቻ ሳይሆን የደረቱን እምብርት ነው። አንዱን ሳንባ ብቻ የተመታ እንስሳ ብዙ መንገድ ሊሄድና ሊጠፋ ይችላል።

ከሁሉ የሚበልጠው መፍትሔ ግን መቅረብ ነው። የኢሺም ጥበብ በሩቅ መምታት ሳይሆን፥ ተሸሽጎ በትዕግሥት መቅረብና የእንስሳውን ድምፅ አስመስሎ መጥራት ነበር። በ40 ሜትር 16 ሳንቲ ሜትር የሆነው ስሕተት በ20 ሜትር 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ተዳፋቱ እጅግ የበረታ እንደ ሆነ፥ ወይም ተመትቶ የሚወድቅበት ገደል የማይደረስበት ከሆነ፥ ቀስቱን አላልቶ መመለስ የፍርሃት ሳይሆን የጨዋነት ምልክት ነው።

ስለዚህ በቀስት ለማደን የሚያስብ ወጣት፥ የአደኑ ወራት ከመድረሱ አስቀድሞ ዒላማውን በኮረብታ ላይ ተክሎ ሽቅብም ቁልቁልም ይለማመድ፤ ከ20 ሜትር ይጀምርና እያንዳንዱ ፍላጻ ያረፈበትን በደብተሩ ይጻፍ። ያን ጊዜ እስከ ምን ያህል ርቀት ለመወርወር እንደሚገባው የገዛ ደብተሩ ይነግረዋል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ርቀት ለእንስሳው ይተውለት።