ቡታን፦ በክረምት የሚሸጥ፣ በበጋ የሚገዛ ብርሃን

በሕንድና በቻይና መካከል የምትገኘው ቡታን ከ800 ሺህ ያነሰ ሕዝብና 38 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት የሂማላያ አገር ናት። ደቡባዊ ወሰኗ ሞቃት ቆላ ነው፤ በሰሜን ጫፍ ደግሞ 7,570 ሜትር ከፍታ ያለው የጋንግካር ፑንሱም ተራራ ቆሟል። ከቆላው እስከ በረዶው ያለው ርቀት በቀጥታ ቢለካ 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም። የሚታረሰው መሬት ጥቂት፣ እሱም በየተዳፋቱ በእርከን የተያዘ ነው፤ ያም ሆኖ ከሠራተኛው ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው የሚተዳደረው በእርሻ ነው። ለመንግሥት ካዝና ዋነኛ ገቢ ያስገኙት ግን በአጭር ርቀት ብዙ ሺህ ሜትር ቁልቁል የሚወርዱት ወንዞች ናቸው።

ይህን ሀብት ወደ ገንዘብ የለወጠው ከሕንድ ጋር የተደረገው ስምምነት ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረውና 336 ሜጋዋት የሚያመነጨው የቹካ የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሠራው ሕንድ 60 በመቶውን በእርዳታ፣ 40 በመቶውን በብድር ሰጥታ ነው፤ ትርፉን ኃይልም የምትገዛው ራሷ ሕንድ ናት። ከዚያ በኋላ 1,020 ሜጋዋት ያለው ታላ፣ በ2019 ደግሞ 720 ሜጋዋት ያለው ማንግዴቹ ተከተሉ። ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ ነጻ ትምህርትንና ነጻ ሕክምናን ደግፏል፤ ቡታንም በታኅሣሥ 2023 ከዓለም በጣም ድሃ አገሮች ዝርዝር ወጣች። ይህ ስኬት ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን የአገሪቱ ኃይል ዛሬም የሚመዘነው በሜጋዋት ድምር ነው፤ ይህ ሚዛን የቡታንን ዋነኛ ችግር ይሸፍናል። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ግድብ ሊጠየቅ የሚገባው በየትኛው ወር እንደሚያመነጭና ለማን ሥራ እንደሚፈጥር ነው።

ምክንያቱ የአየር ጠባዩ ነው። እንደኛ አገር ክረምት ሁሉ በቡታንም ዋናው ዝናብ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ማመንጫዎቹ አብዛኞቹ ሰፊ የውሃ ማጠራቀሚያ የላቸውም፤ የሚሠሩት ወንዙ በዕለቱ ባመጣው ውሃ ነው። በዝናቡ ወራት ኃይሉ ከአገር ፍላጎት ተርፎ ወደ ሕንድ ይሻገራል። ብርዱ ሲገባ ወንዞቹ ይሳሳሉ፤ የማሞቂያውና የፋብሪካው ፍላጎት ግን አይቀንስም። ስለዚህ በክረምት የሸጠችው ቡታን በበጋ ከዚያችው ሕንድ መልሳ ትገዛለች።

ወንዞቹን የሚመግቡት የበረዶ ግግሮችም እየሸሹ ናቸው። በጥቅምት 1994 ሉግዬ የተባለው የግግር ሐይቅ ጥሶ ወጥቶ ከ20 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ጥንታዊውን የፑናካ ምሽግ ገዳምም ጎዳ። ከዚያው አጠገብ ያለው ቶርቶርሚ ሐይቅ እንዳይደግመው፣ ሠራተኞች ከ4,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወጥተው፣ በረዶው በሚቀልባቸው ጥቂት ወራት ብቻ፣ ድንጋዩን በእጃቸው እየፈነቀሉ የውሃውን መጠን 5 ሜትር ያህል ዝቅ አደረጉ፤ ሥራው ዓመታት ፈጀ። ከእንዲህ ዓይነት ሐይቆች በታች ግድብ የሚሠራ አገር የአደጋውን ዋጋም በሒሳቡ ማስገባት አለበት።

ሕንድ አስተማማኝ ገበያ ስለሆነች ዕዳው በሽያጩ ራሱን ይከፍላል የሚሉ አሉ። በቹካና በታላ እውነት ሆኗል። በ2008 የተጀመረው 1,200 ሜጋዋቱ የፑናትሳንግቹ አንድ ማመንጫ ግን ሌላ ነገር አሳየ፤ በ2013 የግድቡ ቀኝ ተራራ ተንሸራተተ፣ ወጪው ከእጥፍ በላይ አደገ፣ ከ15 ዓመት በኋላም ግድቡ አላለቀም። ዕዳ ራሱን የሚከፍለው ግድቡ ሲያመነጭ ነው፤ እስከዚያው ወለዱ ይቆጥራል።

ሌሎች ደግሞ መፍትሔው ትልቅ ማጠራቀሚያ ነው ይላሉ፤ በሳንኮሽ ወንዝ ላይ የታቀደውን ያነሳሉ። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ የበጋን ጉድለት የሚሞላ ውሃ ያስፈልጋል። ይሁንና ሰፊ ማጠራቀሚያ ሸለቆን ያሰጥማል፤ እንደ ቡታን ባለ አገር ሸለቆ ማለት መኖሪያና ማሳ ነው። በበጋ ሰማዩ ጥርት የሚል በመሆኑ የፀሐይ ኃይል በዚያው ወራት ሊደግፍ ይችላል። የ2008ቱ ሕገ መንግሥት ከአገሪቱ ቢያንስ 60 በመቶው ለዘለዓለም በደን እንዲሸፈን ማዘዙም ከውበት ያለፈ ጥቅም አለው፤ ደኑ የክረምቱን ውሃ ለበጋ የሚያቆይ ጎተራ ነው።

የሥራው ጥያቄ ከዚህ አይለይም። ግድብ ከተሠራ በኋላ የሚቀጥረው ሰው ጥቂት ነው። በ2022 የወጣቶች ሥራ አጥነት 28.6 በመቶ ደርሶ ነበር፤ የተማሩ ወጣቶችም በብዛት ወደ አውስትራሊያ ሄደዋል። ቱሪዝምም ብቻውን ችግሩን አልፈታውም፤ በ2022 በአንድ ሌሊት 200 ዶላር የሆነው የጎብኚ ክፍያ በማግስቱ ዓመት በግማሽ ተቀነሰ። በታኅሣሥ 2023 ይፋ የሆነው በደቡቡ ሜዳ የሚገነባው የጌሌፉ ከተማ ወጣቱን ለማስቀረት የታሰበ ነው። ሐሳቡ የሚደገፍ ነው፤ ሆኖም ፋብሪካና ቢሮ ዓመቱን ሙሉ መብራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ መንግሥት ለቀጣዩ ግድብ ብድር ከመፈረሙ በፊት የጥርና የየካቲትን ምርት ለሕዝቡ በግልጽ ያሳይ፤ በእነዚያ ወራት አገሩን የማያበራ ግድብ፣ የቱንም ያህል ሜጋዋት ቢጻፍለት፣ ለወጣቱ የሚያቆየው ሥራ ሳይሆን ዕዳ ነው።